የተልባ ዘይት የጠጣ በር

የአባቴ የመጨረሻ ሥራ የደብራችን የቅጥር በር ነበር። ሁለቱን መዝጊያዎች ከጥድ ሳንቃ ልጎ ገጣጠማቸውና ቅባት ሳይነካቸው በግንቦት ሞተ። በታመመ እጁ ስለላጋቸው የመላጊያው መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ በሩን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሊያስቀቡት ነበር። በአካባቢያችን ሁሉም እንደዚያ ነው። እናቴ ግን አርባው በወጣ ማግስት፦

«አባ፣ እጁን አይሸፍኑብኝ» አለቻቸው።

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ያልተቀባ እንጨት የዚህን አገር ዝናብ ይችለዋል?»

«እንጨቱን ሳይሸፍን የሚጠብቅ ቅባት አለ።»

«እስከ ኅዳሩ ንግሥ አሳየኝ። ካልሆነ ቀለም ነው።»

ሙያውን የተማርሁት አባቴን እያየሁ ነው፤ ስለ ቅባት የማውቀውን ደግሞ ከስልክና ከቆርቆሮ ላይ ጽሑፍ ለቃቅሜ ነው። ከበሩ የተረፉ አራት ቁራጮች ወስጄ ጣሪያችን ላይ አሰርሁ። አንዱን ባዶውን ተውሁት። አንዱን ቫርኒሽ፣ አንዱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ አንዱን የተልባ ዘይት ቀባሁ። ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ እየወጣሁ አየኋቸው። ሰው ስለ አባቴ ሲያወራኝ የሌላ ቤት ወሬ ይመስለኝ ነበር። የቁራጮቹን ጠርዝ ግን በጥፍሬ እየሞከርሁ ያየሁትን እጽፍ ነበር።

ባዶው ሸብቶ ተሰነጠቀ። የሞተር ዘይቱ ምስጥ ይከላከላል ይባላል፤ ግን እንጨቱን አጠቆረው፣ ይሸታልም። ሰው የሚሳለመው በር በዚያ አይቀባም። ቫርኒሹ መጀመሪያ እንደ መስታወት አበራ። መስከረም ላይ ጠርዙ ተነሣና ውኃ ከሥሩ ገባ፤ እንጨቱ እዚያው ታፍኖ ነጣ። የተልባው አያብረቀርቅም፤ ፈዘዝ ያለ ነው። ነገር ግን እንጨቱ ጠጥቶታልና የሚላጥ ነገር የለውም።

በሩን ሦስት ጊዜ በስሱ ቀባሁት። ዘይቱ ሲገባ ጠብቄ ትርፉን በጨርቅ ጠረግሁ። ጨርቁ ተጨብጦ ከተቀመጠ በራሱ ይነድዳል ስለሚባል ዘርግቼ አደረቅሁት። አራተኛውን ግን ንግሡ እንዳይደርስብኝ ሰግቼ አወፈርሁትና ሳልጠርገው ተውሁት። ከብርዱ የተነሣ አልደረቀም። ከንግሡ በፊት ባለው እሑድ በሩ ተሰቀለ።

ሰው ሁሉ እየተሳለመ ገባ። ቅዳሴ ሲያልቅ በሩ በግንባርና በከንፈር ቁመት ላይ ነጭ ሆኗል። የነጠላና የጋቢ ጥጥ ተጣብቆበታል።

«ጥድ ጥጥ ማፍራት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች አንዲት ሴት ነጠላዋን እያላቀቀች።

«ተዪው፣ ለዓመት በዓል ጋቢ ሊደርብ ነው» አላት ባሏ።

ጣሪያ ላይ ያሰርኋቸውን ቁራጮች ዝናብ መታቸው፣ ፀሐይ መታቸው። የተሳለማቸው ግን የለም።

«ቀለም ቀቢውን ልጥራ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ሦስት ቀን ይስጡኝ አባ።»

በብርጭቆ ወረቀት ብፈገፍገው በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር፤ የአባቴ መስመርም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ጨርቅ በቲነር እያራስሁ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ ስንዝር በስንዝር ጠረግሁት። እናቴ ጥጡን በጣቷ ትለቅማለች። በሦስተኛው ቀን ጋቢዬን በሩ ላይ ተጭኜ ሳብሁት፤ ምንም አልያዘም።

ቄሰ ገበዙ መጥተው ተሳለሙ። ከዚያ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው መዳፋቸውን አዩ።

«ደርቋል። ስንት ዓመት ይቆያል?»

«አንድ ዓመት አባ። በየሚያዝያው፣ ዝናብ ሳይገባ፣ እንደገና መቀባት አለበት።»

«ቀለም እኮ አምስት ዓመት ይከርምልኛል። ማን ነው በየዓመቱ የሚቀባው?»

«እኔ።»

«ባሕር ዳር ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልሄድ ነው ስትል አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

እናቴን አዩ፤ እኔን አዩ። «እንግዲያ ቀለሙ ይቅር» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ደስ ሊለኝ ወይም ሊከፋኝ ይገባ ነበር። የታችኛው ማጠፊያ አንዱ ብሎን ላልቷል። ካቻቪቴ አውጥቼ አጠበቅሁት።