ዳገት ላይ የማይቀር ሰላምታ

ልጄ ከገፈርሳ ዳገት በላይ ባለ መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሆና ስትቀጠር ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ የምተዳደርበትን ብየዳም ሰው ሲሠራ እያየሁ ነው የተማርኩት። ደስታችን ግን ወር ሳይሞላው ስጋት ገባበት። ከቡራዩ የሚነሣው ሚኒባስ ጠዋት ጠዋት ሰልፉ አያልቅም። ርዕሰ መምህርቷ በር ላይ ቆመው ጠበቋትና፣ “ከእንግዲህ ብታረፍጂ ሌላ ሰው እንቀጥራለን” አሏት።

ሳይክል እንግዛ አልኩ። እዚህ ላይ ተስማማን፤ የተጣላነው በየትኛው ላይ ነው።

እሷ ባለማርሽ አለች። እኔ ማርሽ የሌለው አልኩ። የኔው ሳይክል ማርሽ የለውም፤ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ስለሆነ ራሴው እጠግነዋለሁ። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር። በእኛ አካባቢ ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲገኝ ከሳይክል ወርዶ ሰላም ማለት ወግ ነው። ማርሽ የሌለው ሳይክል ዳገት ላይ በግድ ያወርድሃል፤ ወርደህ ስትገፋ ከእግረኛው ጋር እኩል ትሆናለህ። ባለማርሹ ግን እንደተቀመጠ ሰውን ያልፋል፤ ሰውን ማለፍ የለመደ ደግሞ ሰላምታ ይረሳል። እንዲህ ነበር እምነቴ።

“አባባ፣ እርስዎን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅዎ የለም” አለች።

“ቀደም ብለሽ ተነሺ።”

“ተነሥቼስ? ዳገቱን ሙሉ ገፍቼ፣ በላብ ተዘፍቄ ሕፃናት ፊት ልቁም?”

ይኼኔ ተቆጣሁ።

ያገለገሉ ሳይክሎች የሚሸጠው ሰው ነው የገላገለን። “ማርሽ የሌለውንማ እርስዎ ይዘዋል። ይኼኛውን ባለማርሹን እሷ ለሙከራ ትውሰድና ዳገቱ ይፍረዳችሁ” አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ወጣን። ዳገቱ ሲጀምር ልጄ በአውራ ጣቷ ማርሹን ለወጠች፤ ሰንሰለቱ ቀጭ አለና እግሯ ቀለል ብሎት ቶሎ ቶሎ መዞር ጀመረ። እኔ ከኮርቻው ተነሥቼ፣ ቆሜ እየረገጥኩ እስከ ባሕር ዛፎቹ ታገልኩ። ከዚያ ወረድኩ። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቀስ አለ።

“ፋዘር፣ እሱ ነው የሚወስድዎ ወይስ እርስዎ ነዎት የሚወስዱት?”

መግፋቴን ቀጠልኩ። ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር።

ከፊታችን አንድ አዛውንት ገበሬ ይወጡ ነበር። ሁላችንም በኦሮምኛ ኦቦ ነው የምንላቸው። ታች ከተማው ወተት አድርሰው፣ ባዶ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ሲመለሱ ነው። ልጄ ስትደርስባቸው አሁን አለፈቻቸው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

“አካም ቡልተን፣ ኦቦ” ብላ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸውና ልትወርድ እግሯን አነሣች።

“ተይ ልጄ፣ አትውረጂ። አንቺም አላለፍሽ፣ እኔም አልቀረሁ” አሏት።

እውነታቸውን ነው። እኔ ማርሽ ለመፍጠን ብቻ ይመስለኝ ነበር። በቀላል ማርሽ ዳገት የሚወጣ ሳይክል ግን ከሰው እርምጃ ብዙም አይበልጥም። ጎን ለጎን ወጡ። ላማቸው መውለዷን ነገሯት፤ ለጥጃዋ ማን የሚል ስም እንዳወጡላት ጠየቀቻቸው፤ ሳቁ። እኔ ከኋላቸው እየገፋሁ ነው የምሰማው።

ላይ ስደርስ ኦቦ ዞር ብለው፣ “ነጋ ነው? ሰላም ነው? ቤተሰብ ደኅና?” አሉኝ። ትንፋሽ ስላጠረኝ ጎንበስ ብዬ ብቻ እጅ ነሣሁ። ለሰላምታ ስል የተሟገትኩት ሰው ሰላምታ መመለስ አቃተኝ። ልጄ አየችኝ፤ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። ለዚያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ባለማርሹን ገዛንላት። ሰኞ ርዕሰ መምህርቷ በሩን ሊጠብቁ ሲመጡ ልጄን ክፍሏ ውስጥ ወንበር ስታስተካክል አገኟት። ከዚያ ወዲህ ስለ ማርፈድ የተነሣ ነገር የለም።

የራሴን ሳይክል አልቀየርኩም፤ ዛሬም ጥንካሬውን እመሰክርለታለሁ። ሰው በጉልበቱ የወጣውን ዳገት አይረሳም ብዬ ለልጆቼ መምከሬንም አልተውኩም። ቢሆንም ልጄ ሥራዋ ላይ ስለቆየችልኝ ያንን ሻጭ፣ ያንን ዳገትና እኚያን ሽማግሌ አመሰግናለሁ።

በሚኒባስ ስትመላለስ ኦቦ በመስኮት እንኳ አይተዋት አያውቁም ነበር። አሁን ከዳገቱ ሥር ይጠብቋታል። ስትደርስ ባዶ ጀሪካናቸውን የሳይክሏ መሪ ላይ ይሰቅሉና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አብረዋት ይወጣሉ።