እናቴና ስዊድናዊቷ ሞርሞር

ዛሬ ቀብር ላይ እናቴ "ወይኔ እህቴ! ለማን ትተሽኝ ሄድሽ?" ብላ ስትጮህ ፓስተሩ ንግግራቸውን አቋረጡ።

የቀበርነው ስዊድናዊቷን የባለቤቴን አያት ነው። "ሞርሞር" ነበር የምንላቸው፤ በአገራቸው ቋንቋ የእናት እናት ማለት ነው።

ሞርሞር በወጣትነታቸው ቬጋስ ሲመጡ እንግሊዝኛ አይችሉም ነበር። መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል እያጸዱ ነው ቋንቋውን የለመዱት።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚሁ ቬጋስ፣ አሊያንቴ የሚባል ሰፈር እኛ ጋ መኖር የጀመረች ሰሞን፣ እራት ላይ ቤተሰቡ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሳሳቅ እሷ አንገቷን ደፍታ ትበላ ነበር።

ሞርሞር ይህን አዩና ሳህናቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። በስዊድንኛ ያወሯት ጀመር። እናቴም ምንም ሳይገርማት በአማርኛ መለሰችላቸው።

ከዚያ ወዲህ በተገናኙ ቁጥር ወሬያቸው አያልቅም ነበር። ምን እንደሚያወሩ ማንም አያውቅም። (እኔን ያሙኝ እንደነበር ግን እጠረጥራለሁ።)

ዛሬ ደረቷን እየመታች ስታለቅስ ፈረንጆቹ ሁሉ ዞረው አዩን። አፍሬ "እማዬ፣ ቀስ በይ" አልኳት።

የሞርሞር ልጅ፣ አማቴ፣ ከፊት ወንበር ተነሥተው ወደኛ መጡ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እናቴን እቅፍ አድርገው እሳቸውም ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

"ተያት" አሉኝ። "እናቴ ከሞተች ጀምሮ ማልቀስ አቅቶኝ ነበር።"

ፓስተሩም ሁለቱ እስኪወጣላቸው ጠብቀው ንግግራቸውን ቀጠሉ።

እናንተስ ቤት ቋንቋ ሳይግባቡ የተዋደዱ ሰዎች አሉ? እስኪ ጻፉልኝ፣ ለእናቴ አነብላታለሁ። ዛሬ የሚያጫውታት ሰው ያስፈልጋታል።