የአባቴ ማኪና መንቀጥቀጥ

አባቴ ሲሞት የተወልኝ አንዲት የጣሊያን ሥሪት ማኪና ነበረች። በጃንሆይ ዘመን የገዛት ናት። ለእኔ ስትደርስ ግን ዘመኑ የደርግ ነበር፤ መለዋወጫ የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል፤ በጎንደር ከተማ እሷን የምትመስል ማኪናም ከአንድ ሌላ አላውቅም። ቢሆንም አልሰጋሁም፤ አበልጄ መካኒክ ነበር።

አብረን ያደግን የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣሁትም እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ከማኪናዋ ሥር ጎን ለጎን ተንጋለን ስናወጋ እንውላለን። አንድ ክረምት ከሥሯ ያለው ብረት እንዳይዝግ ብለን፣ ለግቢያችን በር ተገዝቶ በተረፈው ቀይ ቀለም ቀባናት። አባቴ በሕይወት ነበረና «የማይታይ ቦታ ማስዋብ ምን ይሉታል?» እያለ ሳቀብን።

ድርቁ ሲበረታ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝና የምሠራበት ሆስፒታል ወሎ ወዳለ የመጠለያ ጣቢያ ላከኝ። ለወራት መሆኑን ስለማውቅ ማኪናዋን ለአበልጄ ሰጥቼው ሄድኩ።

«ሞተሯን አልፎ አልፎ አስነሣት» አልኩት።

«አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» አለና ቁልፉን ከደረት ኪሱ ከተተው።

ስመለስ ታጥባ፣ ተወልውላ ጠበቀችኝ። በእሑዱ ባለቤቴን ይዤ አዘዞ ወዳሉት እናቷ ተጓዝኩ። ከተማውን ወጥተን መንገዱ ለጥ ሲልልኝ ነዳጅ ረገጥኩ። ፍጥነቱ ሰማንያን እንዳለፈ ማኪናዋ ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈች። እግሬን ሳነሣ ተወችው። ደግሜ ብረግጥ ደገማት። ባለቤቴ የበሩን እጀታ ጨምድዳ እንደያዘች ደረስን።

በማግሥቱ ለአበልጄ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «ጎማው ነው» አለ። «ብዙ ቆማ ኖራለች፤ የቆመ ጎማ ቅርጹን ያጣል።»

አመንኩት። የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወርን። መንቀጥቀጡ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ቸርኬው ተጣሞ ይሆናል አለ። አራቱንም እያነሣን አሽከረከርናቸው፤ አንዱም አልተጣመመም። ከዚያ ደግሞ የፊት እግሮቹን ኩሽኔታ ፈትቶ አጠበና ግራሶ ሞልቶ መለሰው። በእያንዳንዱ ሥራ ማግሥት ለሙከራ ወደ አዘዞ እንወርዳለን፤ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ የወር ድርሻዬ በዚያ መንገድ ላይ እየተቃጠለ አለቀ። እሱም ድካሙን ሳይሰስት እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ሲውል እያየሁ «እንዲህ ያለ ሰው ለማን ተሰጥቶታል?» እል ነበር። ስንለያይ ሁልጊዜ «እስክናገኘው ድረስ ግን ቀስ እያልክ ንዳ» ይለኛል።

አንድ ቀን ባለቤቴ እንደገና አብራን ሄደች። ከኋላ ተቀምጣለች። መንቀጥቀጡ ሲጀምር ወደ ፊት ጠጋ አለችና «ምነው እናንተ ፊት ፊቱን ብቻ የምታዩት?» አለች። «መሪው እኮ ዝም ብሏል። የሚመጣው ከእኔ ሥር ነው።»

አበልጄ ዞር ሳይል «ኋላ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው እህቴ» አላት።

«ይምሰለኝ፤ እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ወደ ኋላ ተመለሰች።

እኔ ግን መሪውን አየሁት። እውነቷን ነው፤ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ቢያስቀምጡበት አይፈስም ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ለአበልጄ ሳልነግረው ብቻዬን ወረድኩ።  ማኪናዋ መንዘፍዘፍ ስትጀምር ማርሹን አወጣሁና እንዲሁ እንድትንከባለል ተውኳት። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሳለ መንቀጥቀጡ ያው ነው። እንግዲያው ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። የጎማውም የቸርኬውም አለመሆኑን አይተናል። የቀረው ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮው፣ ተነሥቶ ኃይሉን ለኋላ እግሮች የሚያደርሰው ረጅሙ ዘንግ ነው። አበልጄ አንድም ቀን ስሙን ያላነሣው እሱን ብቻ ነበር።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ማኪና የሚታጠብበት ጉድጓድ አለ። ማኪናዋን በላዩ አቆምኩና ገባሁ። ቀና ስል በዙሪያው ያለው ብረት ሁሉ ቀይ ነው፤ እኛ የቀባነው ቀይ። ዘንጉ ግን ጥቁር ነው። መካከሉ ላይ ደግሞ የብየዳ ጠባሳ ዞሮበታል፤ ከሌላ ማኪና ተነቅሎ፣ ተቆርጦ፣ በልኳ የተቀጠለ ነበር። በእጄ ዳሰስኩት። ከእሱ በቀር በዚያች ማኪና ሥር እጁን የሚያስገባ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ከጉድጓዱ ወጣሁና ወደ ጋራዡ ነዳሁ።

ስደርስ አበልጄ አንድ ቡሎን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«የአባቴ ዘንግ የት ነው?» አልኩት።

መጥረጉን አላቆመም። «ከሥሯ ገባህ?» አለኝ።

«ገባሁ።»

ያን ጊዜ ጨርቁን አስቀመጠና በዝቅተኛ ድምፅ ነገረኝ። እኔ ወሎ ሳለሁ የበኩር ልጁን ለብሔራዊ ውትድርና ሊወስዱት ደርሰው ነበር። ማስቀረት የሚችለው ባለሥልጣን የእኔን የመሰለች ማኪና አለችው፤ ዘንጓ ግን ተበጥሶ ቆማለች። «‹አንተ ዘንድ የተቀመጠች አለች አሉ› አለኝ። ምን ልበለው?»

«ልጁስ?»

«ቀረልኝ።»

«እሱ የእኔም ልጅ አይደለም?» አልኩት። «በእነዚህ እጆቼ አይደለም ከካህኑ የተቀበልኩት? ማኪናዋን እንዳለች ልውሰዳት ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር?»

«አትለኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንደመጣህ ልነግርህ ነበር። ተንቀጠቀጠች ስትለኝ ደነገጥኩና ጎማ ነው አልኩ። አንዴ ጎማ ካልኩ በኋላ ምን አፍ አለኝ?»

«ባለቤቴን ይዤ ስሄድስ? ያ ብየዳ ቢበጠስ?»

«ቀስ ብለህ ንዳ እልህ አልነበረም?» አለ።

እስከዚያ ድረስ ቁጣዬን ይዤው ነበር። በዚህ ቃል ግን ቁጣዬ እንኳን ከዳኝ። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ መፍታትና መግጠም፣ ከጎኔ ሆኖ ጆሮውን ሰጥቶ ሲያዳምጥ የነበረው፣ መንቀጥቀጡን ሳይሆን እኔ ማወቅ አለማወቄን ነበር። እሱ ዘንድ የነበረውን ትርፍ ቁልፌን ከግድግዳው ሚስማር አነሣሁና ወጣሁ። እስከ በሩ ድረስ «አበልጅ፣ አበልጅ» እያለ ተከተለኝ።

ባለቤቴ ስነግራት አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችምም። «ልጁ መትረፉ ሸጋ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እኔን ግን ሞኝ አደረጉኝ» አለች።

ዘንጉን አንድ ብረት ቀጥቃጭና ባለ ቶርኖ እየተጋገዙ አቀኑልኝ። መንቀጥቀጡ ጨርሶ ባይጠፋም ቀነሰ፤ ማኪናዋንም ከጊዜ በኋላ የቆላ ድባ እህል ነጋዴ ገዛኝ። የባለሥልጣኑን ማኪና ከተማ ውስጥ ሳያት ፊቴን አዞር ነበር፤ ሰውየውን ጠልቼ ግን አይደለም፤ እሱንማ አላውቀውም።

የክርስትና ልጄ በየዓመቱ ለቅዱስ ዮሐንስ አበባ ይዞ ይመጣል፤ ጉልበቴን ይስማል፤ እመርቀዋለሁ። የሆነውን ይወቅ አይወቅ አልጠየቅሁትም። ሲያገባ የክርስትና አባት ነኝና መቅረት አልቻልኩም። ዳሱ ውስጥ እኔንና አባቱን በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡን። ጠጅ ተቀዳ፤ ዘፈኑ ደመቀ። አባቱ ወደ እኔ ዘንበል አለና «አበልጅ» አለኝ።

«አቤት» አልኩ።

የሚለውን ጠበቅሁ። እሱ ብርሌውን አንሥቶ ጠጣ። እኔም ጠጣሁ።