የወደቀ ሰው ግጥም

ባለፈው ሰኞ ናካዋ ሰፈር ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ታክሲው ውስጥ በቅጠል ተጠቅልሎ እንደሚቀቀል የማቶኬ ሙዝ ታሽገን ሳለን፣ ሬዲዮው የአንድ ለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ለቀቀ። ዓመት በመጣ ቁጥር እያደሱ የሚያሰሙት ነው። ከዘፈኑ ሥር የሚመታው ጀሪካን ነው፤ የእኛ የልጅነት ምት።

ልጆች ሳለን ናጉሩ ሰፈራችን ውስጥ ተጀምሮ የቀረ ቤት ወለል ነበረን፤ ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ፣ ቀትር ላይ እግር የሚጠብስ። ለስምንት ልጅ ያለን ስኬትቦርድ አንድ ነበር፤ ከበሯችን ደግሞ ከእናቴ ምግብ ቤት ደብቄ የማወጣው ባዶ የዘይት ጀሪካን፣ እናቴም በሌለ ሌባ ሠራተኞቿን ስትቆጣ የምትውልበት። ሕጋችን ጥብቅ ነበር፦ የወደቀ ሰው ግጥም ሳይወጣለት አይነሳም። ጉልበቱ ቢላጥ፣ ደም ቢፈሰው፣ ዋስዋ ገጥሞ እስኪጨርስ ተጋድሞ ይጠብቃል። ዋስዋ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነው፤ ክፍል ውስጥ ስሙን ሲጠሩት እንኳ የሚንተባተብ ልጅ፣ እዚያ ወለል ላይ በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ ግጥሙን ሲያወርደው ሕመማችንን ያስረሳን ነበር። እኔ የወደቅሁ ቀን «የሐበሻዋ ልጅ መሬት ሳመች፣ መሬቱ ግን ፊቱን አዞረባት» ብሎ ገጠመልኝና ሰፈሩ ወር ሙሉ ዘፈነብኝ። እንደዚያ ተስቆብኝ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ትንሽ ከፍ ስንል ማስታወቂያ ሠሪዎች ካሜራ ይዘው መጡ። ዋስዋ የታመመች አያቱን ሊጠይቅ ገጠር ሄዷል። እኔ በእንግሊዝኛዬ ኮርቼ ከሁሉም ፊት ቀደምኩ፤ ዋስዋ የገጠመልኝን ዘፈንኩላቸውና ወደዱት፣ የማን ነው ሲሉኝም «የሁላችንም ነው፣ ውሰዱት» አልኳቸው። በእኛ ቤት እንግዳ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር መከልከል ነውር ነው፤ እናቴ የወደዱላትን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ስትሰጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። እነሱ ግን እንግዳ አልነበሩም። ከግጥሙ መሬቱን አውጥተው ልጅቷን ጠርሙስ አስሳሟት፤ ወለላችንንም በመጠጡ ቀለም ቀብተው አጠሩት። ዋስዋ ሲመለስ አጥሩን አይቶ ወደ ቤቱ ዞረ፤ ምነው ሰድቦኝ በነበር።

ሰኞ ዕለት ከታክሲው ወርጄ ዋስዋ ሰው የሚያመላልስበትን የቦዳ ሞተሩን ወደሚያቆምበት ጥግ ሄድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት በአንደበቴ ያልወጣውን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀ፣ የሞተሩን ወንበር በመዳፉ ጠረገና «ተይው እቴ» አለኝ። «በቀደም ትንሿ ልጄ ደረጃ ላይ ወደቀችብኝ። አትነሺ ብዬ የድሮውን፣ የእኛን ዘፈንኩላት። እያለቀሰች ‹አባዬ፣ ተሳስተሃል፣ በማስታወቂያው እንደዚህ አይደለም› አለችኝ።»

«ምን አልካት?» አልኩት።

«ምን እላታለሁ? እንደ ማስታወቂያው ዘፈንኩላትና ዝም አለች።»