እንክብሉና ግማሹን የሰማሁት ወሬ

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ መተማ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬም ማታ ማታ የኮሌስትሮል መድኃኒቴን ስውጥ ትዝ ይለኛል። ከፍርሃቴ ያወጣኝ ያው በጣም የፈራሁት ሰው ስለሆነ አልረሳውም።

ነገሩ የጀመረው በታላቅ ወንድሜ ሞት ነው። አርባ ዓመት ሳይሞላው ደረቱን ይዞ እንደተቀመጠ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ እኔም ፈጠን ብዬ ስራመድ ደረቴን ይጨምቀኝ ጀመር። ጎንደር ሄጄ ደሜ ተመረመረ። ሐኪሙ ደሜ ውስጥ ስብ መብዛቱን፣ ነገሩ በዘር የሚመጣ መሆኑን፣ ወንድሜንም የገደለው ይኸው ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ስቡን የሚቀንስ እንክብልም አዘዘልኝ።

እኔ ደግሞ ከሲታ ነኝ፤ ስብ የሚባል ነገር በዐይን አይታይብኝም። እናም የሰፈር መሳቂያ ሆንኩ። ጎረቤታችን እትዬ ውድነሽ ባዩኝ ቁጥር፣ "ኧረ እናንተ፣ እኛ ወጡ ላይ ጠብ የምናደርገው ቅባት አጥተን፣ እኒህ ሰውየ በደማቸው ደብቀውት ኑረዋል" ይሉ ነበር።

እንክብሉ ጎንደር መድኃኒት ቤት ስላልተገኘ ከሱዳን በኩል የሚመላለሱ ሾፌሮች ከገዳሪፍ ያመጡልኝ ነበር። በየማታው ከራት በኋላ እውጣለሁ። ደረቴም ተሻለኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ "ከእኔ ይልቅ እሱን ታምናለህ" እያለች ትቀልድብኛለች።

ሌላው የማታ ልማዴ ግን ለማንም የሚነገር አልነበረም። ከውጭ አገር በአማርኛ የሚተላለፍ ሬዲዮ እሰማ ነበር። ያን ጊዜ ይህ ያሳስራል፤ ከዚያም የባሰ ሊያመጣ ይችላል። ቤታችን ደግሞ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። ስለዚህ ሬዲዮዋን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብቼ፣ ጭንቅላቴንም አብሬ ከትቼ ነው የምሰማት።

መተማን የማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። በዚያ ሙቀት ሰው ሁሉ አንገረቡን፣ ያን በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ፣ ግቢ አውጥቶ ንፋስ ፍለጋ ሲገላበጥ፣ እኔ ብቻ ቤት ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ እቀቀላለሁ። ላብ በላብ ሆኜ ስወጣ ጎረቤት "የወባ ንዳዱ ተነሳባቸው" እያለ ያዝንልኛል።

አንድ ማክሰኞ ማታ ዜናው ሊያልቅ ሲል አንባቢው ስለ መድኃኒት ማውራት ጀመረ። በደም ውስጥ ያለውን ስብ ለመቀነስ የሚሰጥ አንድ እንክብል ለዓመታት በሚወስዱት ሰዎች ላይ ካንሰር ሳያስከትል አይቀርም የሚል ሥጋት መፈጠሩን ተናገረ። ጆሮዬን ሬዲዮዋ ላይ ለጠፍኩ። "የመድኃኒቱም ስም" ሲል ሞገዱ ተንሿሿና ድምፁ ጠፋ። ቁልፉን ወዲያ ባዞረው ወዲህ ባዞረው ፉጨት ብቻ ሆነ።

ያን ምሽት እንክብሉን መዳፌ ላይ አድርጌ ብዙ አየሁት። ብውጠው ካንሰር፣ ባልውጠው የወንድሜ ዕጣ። ሳልውጠው ወደ ብልቃጡ መለስኩት። በማግስቱም እንዲሁ አደረግሁ። ጥሩወርቅ ደረሰችብኝ።

"ምን ሁነህ ነው መድኃኒትህን የተውኸው?" አለችኝ።

የሰማሁትን ነገርኳት። ሬዲዮ መስማቴን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች በገመድ ታንቃ አሉ። ልጆችህን ያለ አባት ልታስቀርብኝ ነው? ሂድና ሐኪም ጠይቅ እንጂ።"

"ከየት ሰማህ ቢለኝስ?"

"ከየት እንደሰማኸው ተወውና የሰማኸውን ጠይቅ።"

ለአፍ ይቀላል። "ከየት ሰማህ?" የምትለው አጭር ጥያቄ በዚያ ዘመን ሰው ታስበላ ነበር። እንዲህ እያመነታሁ ሳለሁ ደረቴ እንደገና ይጨምቀኝ ጀመር። ከበሽታው ይሁን ከፍርሃቱ ዛሬም አላውቅም። ብቻ ወንድሜ ተቀምጦ የሞተባት ዱካ፣ ያቺ በርጩማ፣ ትታየኝ ነበር።

ለእኛ የሚቀርበው ጤና ጣቢያ ገንዳ ውሃ ነው። በቅርብ የተመደበው ኃላፊ አቶ ምስጋናው ወጣት ነው፤ ካኪ ይለብሳል፣ በየስብሰባው ከፊት ይቀመጣል፣ ሳቅ አያውቅም። ካድሬ ነው እየተባለ ይወራል። ከእሱ ሌላ የምጠይቀው ሰው ግን አልነበረኝም። ሰሊጥ በጫነ መኪና ተሳፍሬ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ውሸቴን እለማመድ ነበር።

"ጓድ ኃላፊ፣ አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ይህ እንክብል ካንሰር ያመጣል ብሎ አስፈራራኝ" አልኩት።

ብልቃጡን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

"ነጋዴው ማን ይባላል?"

"አብደላ።" አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

"መቼ ነገረዎት?"

"ማክሰኞ ማታ፣ ዜና..." ብዬ ቀጥ አልኩ።

አቶ ምስጋናው ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ሰው ሊጠራብኝ ነው ስል ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። እሱ ግን ውጭውን ግራ ቀኝ አየና በሩን ዘግቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"መምህር፣ ያ አብደላ የመድኃኒቱን ስም አልነገረዎትም?"

"ሊነግረኝ ሲል... ተቋረጠ።"

"መተማ ላይ ሞገዱ ያስቸግራል ማለት ነው። እዚህ ገንዳ ውሃ ግን ማክሰኞ ዕለት እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።"

ሳቅ አያውቅም የሚባለው ሰው ፈገግ አለ።

ከዚያ ሌላውን ግማሽ ነገረኝ። ስሙ የተጠራው መድኃኒት በእርግጥም የእኔው ነው። ነገር ግን ወሬው ሥጋት እንጂ የተረጋገጠ እንዳልሆነ፣ ሐኪሞችም ገና እየተከራከሩበት መሆኑን፣ የሚወስዱት ሰዎችም ሐኪም ሳያማክሩ በገዛ እጃቸው እንዳያቋርጡት አንባቢው ጨምሮ ተናግሮ ነበር።

"እኔ ካንሰር ያምጣ አያምጣ አላውቅም። አውቃለሁ ብልዎት ውሸት ይሆናል" አለኝ። "ጎንደር ወዳዘዙልዎት ሐኪም ልላክዎት። እሳቸው ደምዎን አይተው ይወስኑ። አብደላን ግን እዚያ አያንሱት።"

ወረቀቱን ሲጽፍልኝ ጥያቄውን የራሱ አድርጎ ጻፈው፤ ስለ መድኃኒቱ ጉዳት ማወቅ የሚፈልገው እሱ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ አስመስሎ። ከየት ሰማህ ቢባል የሚጠየቀው እሱ ነው።

የጎንደሩ ሐኪም አንብቦ ምንም አልጠየቀኝም። ደሜ መሻሻሉን አይቶ እንክብሉን አቆመልኝ፤ ምግቤን እንድጠነቀቅና በእግሬ እንድሄድ አዘዘኝ፤ ደረቴን ሲያመኝ የምወስደው ሌላ መድኃኒትም ሰጠኝ። በዚያው ድኜ ልጆቼን አሳደግሁ።

አቶ ምስጋናውን ከዚያ በኋላ በየስብሰባው አየው ነበር፤ ፊቱን እንዳጨፈገገ ከፊት ተቀምጦ። ስንወጣ ግን በአጠገቤ ሲያልፍ "አብደላ ደህና ነው?" ይለኛል። "ደህና ነው፤ ትናንት ብቻ ድምፁ ጎርነን ብሎበት ነበር" እለዋለሁ። አንድ ቀን እትዬ ውድነሽ ሰምተውን ኑሯል፣ "ያ አብደላ ምነው ለእኛም ስኳር ባመጣልን?" አሉኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አቶ ምስጋናው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ ተባለ። ሳንሰነባበት ቀረን።

አሁን ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። ኮሌስትሮሉ እንደገና ስለተነሳ ሌላ፣ የዛሬ ዘመን መድኃኒት እወስዳለሁ። በቀደም ልጄ ከስልኩ ላይ "አባባ፣ ይሄም ካንሰር ያመጣል እያሉ ነው" ብሎ ተጨንቆ መጣ። "እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?" አልኩት። አላነበበውም። ሐኪሜን ጠየቅኋት፤ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፤ መድኃኒቴንም ቀጠልኩ። አልፈራሁም።

አቶ ምስጋናው ያን ቀን ለማያውቀው ሰው ምስጢሩን አውጥቶ ሰጠ። እኔ አፌን ብከፍት ኖሮ ልጆች ያለ አባት የሚቀሩት በእሱ ቤት ነበር። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም፤ ይህ ያንገበግበኛል። ምናልባት በሕይወት ኖሮ ይህን ካነበበው፣ ይሄው መልእክቴ፦ አብደላ ደህና ነው፤ አሁን መተማም ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።