ሳቂታው የተመሰገነበት ደብዳቤ

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። የከተማው አውቶቡስ አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ዕቅድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ሰው መቁጠር ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፌርማታ ላይ ትቆማለች፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ቀጭ እያለ አንድ የሚጨምር ትንሽ መቁጠሪያ ይዛ ስንት ሰው እንደተሰለፈ፣ ስንቱ እንደተሳፈረ፣ ስንቱ ተስፋ ቆርጦ በእግሩ እንደሄደ ትመዘግባለች። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብታ ሪፖርት ትጽፋለች። አንድ ቀን አብሬያት ዋልኩ። የሰልፈኛው ሁሉ ትንፋሽ በጠዋቱ ብርድ ውስጥ አንድ ላይ ሲወጣ አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ሰው ሲጠብቅ እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷ ግን "ዞር በል፣ ቁጥር ታምታታብኛለህ" አለችኝ። ይህን ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታዋለች።

ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት የሚቀመጠውን የሥራ ባልደረባዋን ሁሉም ሳቂታው ይሉታል። ጥርሱ ተከድኖ አያውቅም። አርፍዶ ይመጣል፣ ጥበቃው ይስቅለታል። ያላለቀ ሪፖርት ያስገባል፣ ኃላፊው ይስቅለታል። እታለም ስለ እሱ ስታወራ ድምፅዋ ይቀጥናል። "ፀሐይ እንኳ የምትገባው በእሱ በኩል ባለው መስኮት ነው" አለችኝ አንዴ። ሄጄ አየሁ፤ እውነቷን ነው።

ዘንድሮ ሁለቱም ለአንድ ነገር አመለከቱ፤ ለሕዝብ ፖሊሲ የማስተርስ ትምህርት። ዩኒቨርሲቲው ከአንድ መሥሪያ ቤት በዓመት የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነውንም አይቀበልም። እታለም ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ዘንድሮና ከርሞ ቀርተዋታል፣ በቃ።

እናታችን ይሄ ፖሊሲ የምትይው ምን የሚማሩበት ነው ብላ ጠየቀቻት። አውቶቡስ ለምን እንደሚዘገይ የሚማሩበት ነው አለቻት እታለም፣ ለማሳጠር ብላ።

"እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ" አለች እማዬ። "ሹፌሩ ተኝቶ ነው። ለዚህ ሁለት ዓመት?"

ማመልከቻው የኃላፊ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። በዚያ መሥሪያ ቤት ደግሞ የፈረመ ሰው የጻፈው ደብዳቤ የለም። የሚጻፈው ሁሉ በእታለም እጅ ያልፋል፤ የሐዘን መግለጫው፣ የጡረታ መሸኛው፣ የምስጋናው። አንድ ጊዜ ለእሷ የተሰጠውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ራሷ ነች ያረቀቀችው፤ ሌላ ሰው ከሚያበላሸው ብላ። አሁንም ኃላፊው ሁለቱን ቅጾች ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና የሁለታችሁንም ጽፈሽ አምጪ፣ እጅሽን አምናለሁ ብሏት ሄደ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ በሳቂታው ጀመረች። እኔ አጠገቧ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ለመግደል ነበር የተቀመጠችው፤ አልደበቀችኝም። ሳትዋሽ፣ ሳትሳደብ፣ በደረቁ ልትገድለው። "ሰዓት አክባሪ ነው" ብላ ጻፈችና ውሸት ስለሆነ ሰረዘችው። "ንጹሕ ልብስ ይለብሳል" አለች፤ ይሄን ተወችው። "ከሰው ጋር ተግባቢ ነው" ብላ ጨመረችና ፈገግ አለች፤ ማንም በዚህ ደብዳቤ የትም አይገባም።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። አመልካቹ በሥራው አንድ ነገር የለወጠበትን አጋጣሚ በዝርዝር ይግለጹ ይላል። ትንሽ አጋጣሚ ፈለገችለት። አንድም አልመጣላት። የመጣው ያው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባት የኖረው ነው።

አንድ ክሊኒክ አጠገብ ባሉ የመውረጃና የመመለሻ ፌርማታዎች ላይ አንድ ወር ጠዋትም ከሰዓትም ቆጥራ ነበር። ጠዋት አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ይወርዳል፤ ከሰዓት ተመልሶ የሚሳፈረው መቶ ሠላሳ አይሞላም። የቀረው የት እንደሚገባ አላወቀችም። ሪፖርቷ ላይ "የልዩነቱ ምክንያት አልታወቀም" ብላ ልታስገባ ስትል ሳቂታው አንድ ቀን አብሯት ወጣ፤ አርፍዶ። መጥቶም አልቆጠረም። መንገድ ዳር አንዲት አዛውንት አጠገብ ቁጭ ብሎ ይስቃል። የጫማቸው ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር፣ ተንበርክኮ አሰረላቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዞ፣ እርምጃውን በእርምጃቸው ለክቶ ሰፊውን መንገድ አብሯቸው ተሻገረ፤ ለመሻገር ስንት መኪና ማሳለፍ እንዳለባቸው እየጠየቃቸው። የመመለሻው ፌርማታ በወዲያኛው ዳር ነበርና በሽተኛ ሁሉ መሻገሩን ፈርቶ በእግሩ ይሄዳል። ይህን ለማወቅ አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። በወሩ የመመለሻው ፌርማታ ወደ ክሊኒኩ በር ተዛወረ። ቁጥሩ የእሷ ነበር፣ ምስጋናው የእሱ ሆነ።

ያን ሁሉ ጻፈችው። ማሰሪያውን፣ አቧራ የነካውን የሱሪውን ጉልበት፣ የአዛውንቷን እርምጃ። እስክሪብቶውን ስትጫነው ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ፊቷ ቀልቷል። አንድ ገጽ ተኩል ሞላ። ሽንኩርቱን ትቼ አነበብኩት። ቅናት እንዲህ አጥርቶ እንደሚያይ ያን ቀን አወቅኩ። የሚወደው ሰው ቢጽፍለት ማሰሪያውን ይረሳው ነበር።

ከዚያ ወደ ራሷ መጣች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እህቴ ግን ለራሷ ስትቆርስ እጇ ተሳሰረ። ትጉ፣ ታማኝ፣ የተሰጣትን ሥራ በወቅቱ የምታጠናቅቅ። ለጡረተኛ ሁሉ የምትጽፋቸው ቃላት ናቸው። ጨምሪበት እንጂ አልኳት።

"በሰው አፍ ራሴን ላሞግስ?" አለች። "አላፍርም እንዴ?"

ሰባት መስመር ሆነ። ሰባቱንም ቆጠረች።

ሰኞ ጠዋት ሁለት የሳቂታው ደብዳቤ ይዛ ወጣች፤ ትኩሱንና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሁለት ቃል ጣል ያደረገችበትን ደረቁን። ደረጃው ላይ ቆማ ትኩሱን ልትቀደው ሁለት ጊዜ ያዘችው። አንጀቷ አልቆረጠላትም። ለእሱ ብላ አይደለም፤ በዕድሜዋ ከጻፈችው ሁሉ ያማረው እሱ ስለነበር ነው። ትኩሱን ለኃላፊው ሰጠችው፤ ሳያነብ ፈረመ።

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። እሱ ገባ። ለእሷ "እናዝናለን" የሚል ደረሳት። የታጠቡ ብርጭቆዎችን እንደገና ስታጥብ አመሸች። እኔ ማድረቂያውን ይዤ አጠገቧ ስቆም "በገዛ ብዕሬ ጣልኩት፣ ራሴን" አለችኝ።

በማግስቱ ቁልፏን ረስታ ስለወጣች ላደርስላት ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሳቂታው ኃላፊውን እያመሰገነ ነው። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ደብዳቤውን ጮክ ብለው አንብበውለት ነበር። ኃላፊው ያን ቀን ያደረግከውን እንዴት እረሳዋለሁ እያለ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል፤ ክሊኒኩ ጋ ደርሶ የማያውቅ ሰው። እታለም መቁጠሪያዋን ጨብጣ ድብን ስትል አየኋት።

ኃላፊው ወደ ክፍሉ እንደገባ ተነስታ ሳቂታው ጠረጴዛ ጋ ሄደች።

"ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለ መሳቢያውን ባዶ እያደረገ። "የጫማ ማሰሪያውን ካንቺ በቀር ማን አየ?"

"ወድጄ አይደለም።"

"እሱም ያስታውቃል። ሲያነቡልኝ የምትቆጪኝ ነበር የሚመስለኝ።"

"ከርሞ የመጨረሻዬ ነው" አለችው። "የእኔን አንተ ትጽፋለህ። ሳትሄድ። ፊርማውን እኔ አስፈርማለሁ።"

እሱ ሳቀ። እኔ መጻፍ የት አውቅና፣ ጥሩ ሰው ናት ከማለት ሌላ ምን ይወጣኛል አላት።

"ጥሩ ሰው ናት አትበል። በእኔ የሚያናድድህን ጻፍ።"

ሳቁ ቆመ። ከንፈሩ ተገጥሞ ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ፤ ሸምገል ያለ፣ የደከመው። ደብዳቤውን ስትጽፍ እህቴ ፊት ላይ ያየሁት ነገር አሁን እሱ ፊት ላይ ተቀምጧል።

"ዘጠኝ ዓመት" አለ ቀስ ብሎ፣ "ቁጥር ጠፍቶብሽ እንደገና ስትጀምሪ አላየሁም። አንድ ቀን እንኳ። ሰው ይጋፋሻል፣ ዝናብ ይመታሻል፣ ያቺ ጣትሽ አትስትም። እኔ ሠላሳ ሳልደርስ ይጠፋብኛል። ሰው ማዋራት የጀመርኩት ለምን መሰለሽ?"

እታለም በልማዷ ወረቀት ሳበችና እስክሪብቶ አነሳች። ሳቂታው እስክሪብቶውን እጇ ላይ ያዘው።

"ስጪኝ። ይሄን አንቺ አትጽፊውም።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠና አቀረቀረ። እየጻፈ አንዳንዴ ቀና ብሎ ያያታል፣ ጥርሱን ነክሶ ይመለሳል። እህቴ ባዶ እጇን የምታደርግበት ጠፋት። መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ መለሰችና እሱ አንድ መስመር በጨረሰ ቁጥር በአውራ ጣቷ ቀጭ ታደርገው ጀመር። ቁልፉን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ አብሬያት ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ።

ስምንተኛው ቀጭ አለ። እሱም አላቆመም።