ማርታ ኔኒ የሰጡኝ እንቁላል

ታደሰ እንቁላሌን በላብኝ። ያውም በስቅለት።

ሰሞኑን ዳላስ አጠገብ፣ ፍሪስኮ፣ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የእንቁላል ማቅለሚያ ተደርድሮ ሳይ ነው ነገሩ የተነሣብኝ። ወጣት ሳለን መንግሥት እኔንና ታደሰን የፈረስ ርቢ ተማሩ ብሎ ሀንጋሪ ልኮን ነበር። የወረድንባት ከተማ ቲሳ በሚባል ወንዝ ዳር የተቀመጠች፣ ከአንድ ጫፏ ቆመው ቢጠሩ ከሌላው ጫፍ "አቤት" የሚባልባት ትንሽ ከተማ ናት። አገሩ ሜዳ ነው፤ ተራራ የሚባል ነገር የለም። በመከር በየቤቱ ግድግዳ ቀይ በርበሬ እንደ ዶቃ ተሰክቶ ይንጠለጠላል። በርበሬያቸው ግን አያቃጥልም፤ ለከንቱ ነው የሚቀላው።

ያከራዩን ማርታ ኔኒ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ፤ ኔኒ ማለት እትዬ እንደ ማለት ነው። ታደሰ የከተማዋን ታሪክ ከመጽሐፍ ያነባል። እኔ የተላክኩት ፈረስ ስለማውቅ ብቻ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት ዳላስ መጥቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስለሆነ፣ ያኔ የማውቀው ሁሉ ከማርታ ኔኒ አፍ የሰማሁትን ነው። ቱርክ ሲመጣ ሕዝቡ ከብቱን ይዞ ረግረጉ ሸምበቆ ውስጥ ተደበቀ። ሲመለስ ከተማዋ አመድ ሆናለች። ከቃጠሎ በተረፈው ድንጋይ ቤተ ክርስቲያኑን መልሶ ሠራ። ከዚያ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ወሰዳት፤ አሁንም ሠሯት። ግትር ሕዝብ ነው፤ ወደድኳቸው።

በዚያ ዓመት ፋሲካቸው ከእኛ በሳምንት ቀደመ። በማግስቱ ሰኞ ጎረምሳው ሁሉ ባልዲ ይዞ ልጃገረድ ላይ ውሃ ይደፋል፤ የተደፋባትም ቀለም የተቀባ እንቁላል ትሸልመዋለች። እኔ የማውቀው ጥምቀትን ነው፤ የጥምቀት ውሃ ደግሞ አሮጊት ከኮረዳ አይለይም። ሶ ባልዲዬን ሞልቼ ማርታ ኔኒ ላይ ደፋሁት።

ሻሻቸው ፊታቸው ላይ ተለጥፏል።

"አበድክ? ሰሙነ ሕማማት ነው እኮ" አለኝ ታደሰ በአማርኛ።

ማርታ ኔኒ ሻሻቸውን ጨመቁና "ባሌ ከሞተ ወዲህ ውሃ የደፋብኝ ወንድ የለም" ብለው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

ገብተው አንድ ቅቅል እንቁላል አመጡልኝ። በሽንኩርት ልጣጭ ቀልቷል፤ ሸምበቆው፣ እሳቱ፣ ወንዙ፣ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በመርፌ ጫፍ ዙሪያውን ተጭሮበታል። እያዞርኩ አነበብኩት። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ሳልሰብር አገሬ ልወስደው ራስጌዬ አስቀመጥኩት።

ዓርብ ከጋጣ ስመለስ ያገኘሁት ስብርባሪ ቅርፊት ነው።

"አይጥ ነዋ" አለ ታደሰ።

"አይጥ እንቁላል ትልጣለች?"

"የሀንጋሪ አይጥ ጠባይ በምን አውቄ?"

ዛሬ ታደሰ ካሮልተን ቤተ ክርስቲያን ስለ ጾም የሚመክር ትልቅ ሰው ነው። እሱ መምከር ሲጀምር እኔ ተነሥቼ እወጣ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሌዊስቪል ቤቱ ጠራኝ። ሚስቱ አልማዝ ዶሮ ወጡን ስታወጣ እንቁላሉን ሁሉ ወደ እኔ ገፋችው።

"ለታደሰስ?" አልኳት።

"እሱ አይነካም እኮ፣ ጋሽ ወንድሙ። ማለቴ፣ ሀንጋሪ እያለ አንድ ቀለም የተቀባ በልቶ ሆዱን ሲቆርጠው አደረ። አልነገረዎትም?"

ታደሰ እንጀራው ላይ አፈጠጠ።

"ጾሙ ጸንቶብኝ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ጣፈጠህ?"

"ጨው የለውም።"

አልማዝ እስክትደነግጥ ሳቅኩ። እኔ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም፤ ሽማግሌ ቢላክብኝም አልሰማም ነበር። ሆዱ ግን ያኔውኑ ፈርዶልኝ ኖሯል፤ ፍርዱን ሳልሰማ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ነገሩ ያለቀው ባለፈው ዓመት፣ በዳግማ ትንሣኤ እሁድ ነው።